ሱንሬና የማ ቴሶፕ ፍርድ

በሶልፖ ወደብ ሱንሬ ገላዋን ያላሸቻት ሴት ካለች፣ ወይ ገና አልተወለደችም ወይ ውሃ ትፈራለች እንል ነበር። የሕዝብ መታጠቢያ ቤቱ የኔ ነው። በር ላይ ተቀምጬ ፎጣና ቁልፍ እሰጣለሁ፤ ሰው ይዞት የመጣውን ወሬም እቀበላለሁ። ሱንሬ ደግሞ ውስጥ፣ ከሙቁ ገንዳ አጠገብ፣ በሸካራ ጓንት የሰው እድፍ ስትፈትግ ከሃያ ዓመት በላይ ሆናት። ትከሻዋ ሰፊ ነው፤ ክንዷ መረብ እንደሚጎትት ወንድ የጠነከረ ነው፤ ድምፅዋ ከገንዳው ማዶ ይሰማል። ስትጨርስ የደንበኛዋን ጀርባ በእርጥብ መዳፏ ቸብ ቸብ አድርጋ፣ «ተነሺ፣ አዲስ ሰው ሆነሻል» ትላለች።

ሰው ልብሱን ሲያወልቅ ምላሱም ይፈታል። የፖሊስ አዛዡ ሚስትም፣ ዓሣ ቸርቻሪዋም፣ የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮም በየተራቸው ሱንሬ በምታሽበት አልጋ ላይ ተጋድመው ያወራሉ፤ ሱንሬም ትመልሳለች። እሷ ያመነችው ነገር ብዙ ሳይቆይ የሶልፖ ሴቶች ሁሉ እምነት ይሆን ነበር። የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ሊቀ መንበሩ ማ ቴሶፕም ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር።

ሱንሬ የዚህ አገር ልጅ አይደለችም። ከተራራው ማዶ ካለ መንደር ባሏ ሲደበድባት ቆይቶ፣ በአንድ የዝናብ ወቅት ማለዳ ልጇን ቦራን አዝላ በእግሯ ወጣች። በባሕሩ ግንብ ዳር ያለው መንገድ ላይ ሲደርሱ አቅሟ አልቆ ወደቀች። መኪኖች አልፈዋት ሄደዋል። ሰው የተጣለ ጆንያ መስሎት ይሁን ነገር ፈርቶ፣ እንጃ። የቆመላት ማ ቴሶፕ ነበር። ያኔ በዓሣ አጥማጆች ማኅበር ውስጥ ተራ ሠራተኛ ነው፤ መኪናውም የማኅበሩ አሮጌ ጭነት መኪና ነበረች። ሐኪም ቤት ወሰዳት። ስትድን እኔ ዘንድ ይዟት መጣና፣ «እትዬ ጉምሱን፣ ይህች ሴት ክንድ አላት፤ የሚያስፈልጋት በር ብቻ ነው» አለኝ። በኋላ ባሏ ሰክሮ ሊወስዳት ሲመጣ፣ የመታጠቢያ ቤቴ በር ላይ ቆሞ የመለሰው እሱ ነው። እጁን እንኳ አላነሳም። «ሂድ ወንድሜ፣ አውቶቡሱ ያመልጥሃል» ብቻ ነው ያለው።

እንዲህ ያለ ውለታ በምን ይመለሳል? ሱንሬ በአፏ መለሰችለት። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ለመሆን ሲወዳደር ሴቱን ሁሉ ያሳመነችለት እሷ ናት። ማ ቴሶፕም አላሳፈራትም፤ የበረዶ ቤቱ በሱ ጊዜ ተሠራ፤ ማዕበል የሰበራቸው ጀልባዎች በሱ ጊዜ ተጠገኑ። ለወረዳው አስተዳዳሪነት እወዳደራለሁ ሲል ማንም አልገረመውም።

ነገሩ የተበላሸው ከምርጫው ሁለት ዓመት በፊት፣ በመከር ነው። ዱሺክ የሚባል ሽማግሌ ነበር፤ የሚበላ የባሕር አረም እየሰበሰበ የሚሸጥ፣ ዝምተኛ ሰው። አመሻሹ ላይ በብስክሌቱ ወደ ቤቱ ሲመለስ መኪና ገጨውና ቦዩ ውስጥ ጣለው። ያገኙት በማግስቱ ጠዋት ነው፤ ሞቷል። በዚያው ቀን ኪሱ የሚባለው የማ ቴሶፕ ሹፌር ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ፣ «ብቻዬን ስነዳ ገጨሁት፣ ፈርቼ ሸሸሁ» ብሎ እጁን ሰጠ። ታሰረ። ማ ቴሶፕ ቀብሩ ላይ መጥቶ ግንባሩ መሬት እስኪነካ ሰገደ። ሰው ሁሉ፣ «ሹፌሩ ላጠፋው እሱ እንዲህ ከሆነ፣ ይህ ሰው ነው» አለ።

የዱሺክ ሚስት ማልሲም ግን አልሰገደችለትም። ያን ማታ ባሏን በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ፣ ሹፌሩን ኪሱን ከቤቷ ፊት ለፊት ባለችው ሱቅ ተቀምጦ የሩዝ አረቄ ሲጠጣ አይታዋለች። ለፖሊስም ነገረች፣ ለጎረቤትም ነገረች፣ እዚህ መጥታ ገንዳው ውስጥ ተቀምጣም ነገረች። የሰማት የለም።

ያን ጊዜ ሱንሬ በዚያ በሚሰማው ድምፅዋ፣ «እማማ፣ ሐዘን ዓይን ያጨልማል። ሽማግሌው እንደሆነ ሰክሮ ነበር፤ መንገዱ መሃል ነበር ይላሉ» አለቻት።

ማልሲም ከገንዳው ወጣች። «ማን ነው የሚለው?»

«ሰዉ ነዋ።»

ማልሲም ሳሙናዋንና ሳፋዋን አንሥታ ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ አልመጣችም። «ሰክሮ ነበር» የሚለው ወሬ ግን ቀረ። ከአልጋው ወደ ገበያ፣ ከገበያው ወደ ጀልባዎቹ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ማልሲም የተቃዋሚዎቹ መሣሪያ ናት የሚል ተጨመረበት።

ምርጫው ሊደርስ በብርዱ ወራት የኪሱ አባት ሞተ። ኪሱ እስር ቤት ሆኖ አባቱን መቅበር አልቻለም። ምን ቃል ተገብቶለት እንደነበር አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ ግን ዐቃቤ ሕግ አስጠርቶ እውነቱን ተናገረ። መኪናውን የነዳው ማ ቴሶፕ ነው፤ እሱ ጥፋቱን የወሰደው ተለምኖ ነው። በጸደይ ክሱ ተከፈተ። ምርጫው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ፍርድ ተሰጠ።

የዚያን ዕለት ሴቱ ሁሉ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሞቃት ወለል ላይ ተዘርግቶ፣ የተቀቀለ እንቁላል እየላጠ ቴሌቪዥን ያይ ነበር። ጥፋተኛ ነው፤ ሁለት ዓመት እስር ተፈረደበት፤ ይግባኙ እስኪያልቅ ግን አይታሰርም፣ ከእጩነትም አይወጣም አለ ዜና አንባቢው።

አፍ ለመጀመሪያ የከፈተችው ዓሣ ቸርቻሪዋ ፊልጃ ናት። የማ ቴሶፕ የቅስቀሳ ሴቶች አለቃ ነበረች። «ይኸው፤ ምርጫ ሲደርስ ነው ፍርዳቸው የሚበስለው» አለች። «ከዋና ከተማ ስልክ ደውለው ያስፈረዱበት ነው።»

«ኪሱ ራሱ መሰከረበት አይደለም እንዴ?» አለች የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ።

«እስረኛ ምን የማይለው አለ? አንቺን ነገ ቢያስሩሽ ባልሽን ሌባ ነው ትያለሽ።»

«ባሌን ሳያስሩኝም እላለሁ» አለች ሴትዮዋ፤ አንዳንዱ ሳቀ።

አንዲት አሮጊት ከጥግ፣ «የወደቡን መንገድ ማን ሊሠራልን ነው አሁን?» አለች። ሌላዋ፣ «ሁሉም ያው ነው፤ ይኼኛው ተያዘ እንጂ» አለች። ደግሞ አንዷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ማልሲም ታዲያ እውነቷን ነበራ» አለች።

ሱንሬ ጓንቷን ሳታወልቅ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ዜናው የዳኛውን ቃል አነበበ፦ ሟቹ ከተገጨ በኋላ ወዲያው አልሞተም፤ ለረጅም ሰዓት በሕይወት ነበር፤ ሰው አንሥቶት ቢሆን ይተርፍ ነበር። ሱንሬ ይህን ሰምታ ተመልሳ ገባች። በኋላ አልጋዋ ላይ የነበረችው ሴት፣ «ሱንሬ ዛሬ አሟታል እንዴ? እንደ አራስ ልጅ ነው የዳበሰችኝ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ከተማው ለሁለት ተሰነጠቀ። የማ ቴሶፕ የቅስቀሳ መኪና ድምፅ ማጉያውን ከፍ አድርጎ፣ «ስም ማጥፋት አይበግረንም» እያለ ይዞራል። በአውቶቡስ ጣቢያው የተለጠፈ ፎቶው ላይ አንዱ ማታ ብስክሌት ሥሎበት አደረ፤ ጠዋት በሌላ ፎቶ ሸፈኑት፤ በማግስቱም ተሣለበት። ለአርባ ዓመት አንድ ጀልባ ላይ የሠሩ ሁለት ወንድማማቾች በዚህ ተጣልተው ዓሣቸውን በተለያየ ጥግ መሸጥ ጀመሩ። ማልሲም በር ላይ አንዱ የዓሣ አንጀት ደፋ። ሌላው፣ ማን እንደሆነ እስከዛሬ አይታወቅም፣ አንድ ጆንያ ሩዝ አስቀምጦላት ሄደ። እሷ አንጀቱን ጠረገች፤ ሩዙንም አላስገባችም፤ ወፍ ጨረሰው።

ሱንሬ ዝም አለች። ዝምታዋ ግን ለሥራ አይመችም ነበር፤ ሴቶቹ የሚመጡት ለገላቸው ብቻ አልነበረማ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፊልጃ የእጩው ቁጥር የታተመበትን የቅስቀሳ ሰደርያ እንደለበሰች መጣች። ሱንሬን እኔ ፊት አስቀምጣ፣ «የቦራ እናት፣ ነገ ገበያው በር ላይ ትልቁ ስብሰባ ነው» አለቻት። «ማይክ ይሰጥሻል። ስለዚያ ስለ መንገዱ ተናገሪ። ከመንገድ ያነሣኝ ሰው ሰውን መንገድ ላይ ጥሎ አይሄድም፣ በቃ፣ ይህን ብቻ በይ። ካንቺ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል?»

ሱንሬ ጓንቷን አወለቀች። «መጀመሪያ ጋሼ ማ ቴሶፕን ላናግራቸው» አለች።

አብሬያት ሄድኩ፤ ብቻዬን አልችልም ስላለችኝ ነው። ማ ቴሶፕን ከምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ጀርባ፣ የመረብ ማስጫው ግቢ ውስጥ አገኘነው። ከስቷል። ሲያየን ተነሥቶ ለኔ ጎንበስ አለ፤ ለሱንሬ በእጁ ወንበር ሳበላት። አልተቀመጠችም።

«ነገ እንደምትናገሪ ፊልጃ ነገረችኝ» አላት። «ይህን አልረሳውም።»

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ማንም አልላከኝም።»

«ስለ ክሱ ከሆነ ጠበቃው እንዳልናገር ከልክሎኛል።»

«ስለ ክሱ አይደለም። ስለራሴ ነው። ያን ጠዋት ሲያዩኝ፣ ሞታለች ብለው ነበር?»

ማ ቴሶፕ ይህን አልጠበቀም። «አዎ» አለ። «ልጅቷ ስታለቅስ ነው በሕይወት መኖርሽን ያወቅሁት።»

«ሞታለች ካሉ ለምን ቆሙ? ገደልካት ሊሉዎ ይችሉ ነበር እኮ።»

ከአጥሩ ውጭ የቅስቀሳው መኪና እየዘፈነ አለፈ። ከዚያ ዓይኑን ከመረቡ ላይ ሳያነሣ፣ «ያን ጊዜ የማጣው ነገር አልነበረኝም» አላት።

ሱንሬ ሌላ አልጠየቀችውም። ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችና ወጣን። መንገድ ላይ እኔ የማይረባ ነገር አወራሁ፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ውሃ ማሞቂያው። ቤት ልንደርስ ስንል ቆም አለችና፣ «እትዬ፣ ነድቼ ነበር ቢለኝ ይሻለኝ ነበር» አለች። «ወይም አልነዳሁም ብሎ ቢዋሸኝ። ይኼኛውን ምን ላድርገው?»

«ነገ አትሂጂ በቃ። አሞኛል በይ።»

«ወሬውን ሳወራ መቼ አሞኝ ያውቃል?» አለችኝ።

በማግስቱ ገበያው በር ላይ ሰው ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰደርያ የለበሱት ሴቶች በሙዚቃ ይጨፍራሉ። ማ ቴሶፕ መድረኩ ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ፊልጃ ሱንሬን ስትጠራት ጭብጨባው ቀለጠ፤ የማያውቃት የለማ። ማይኩን አጥብቃ ያዘች። ከሩቅ ሳያት ግን ያቺ ሰፊ ትከሻ ጠባለች።

«ሁላችሁም ታውቁኛላችሁ» አለች። «እኔን ከመንገድ ያነሡኝ እሳቸው ናቸው። ልጄ ዛሬ በሕይወት ያለችው በሳቸው ነው። ይህን እስክሞት አልክድም።»

ተጨበጨበ። ፊልጃ ማይኩን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች። ሱንሬ አልሰጠቻትም።

«ሌላም አለ። ሽማግሌው ዱሺክ ሰክሮ ነበር፣ መንገድ መሃል ነበር ብዬ ያወራሁት እኔ ነኝ። አላየሁም። ያየም ሰው አልነገረኝም። ጋሼን የምረዳ መስሎኝ ከራሴ አውጥቼ ነው። ማልሲም እውነቷን ስትናገር ሐዘን ነው ያሳበዳት ብያለሁ። ይህንንም እወቁልኝ።»

ማይኩን መሬት ላይ እንደ ብርጭቆ ቀስ አድርጋ አስቀምጣ ወረደች። ከዚያ ከኋላ አንዱ ወንድ፣ «ውለታ ቢስ» አለ። ሌላው፣ «ስንት ሰጡሽ?» አለ። አንዲት ሴት የያዘችውን የጎመን ቅጠል ወረወረችባት፤ ትከሻዋ ላይ አረፈ፤ አላራገፈችውም። ሕዝቡ መንገድ ከፈተላት፤ ከአክብሮት ይሁን ከመጸየፍ መለየት አይቻልም ነበር። ማ ቴሶፕን አየሁት። ፊቱ ላይ ንዴት አልነበረም። የደከመው ሰው ወንበር ሲያይ የሚመስለውን ይመስል ነበር። ወዲያው ግን ሙዚቃው ተለቀቀ፤ እሱም ማይኩን አንሥቶ ስለ ወደቡ መንገድ ተናገረ።

ከዚያ ቀን በኋላ የሱንሬ አልጋ ባዶ ሆነ። ሴቶቹ መምጣታቸውን አልተዉም፤ ሙቅ ውሃ ሌላ የት አለና። ግን እርስ በርስ ጀርባቸውን ይታሻሻሉ። ፊልጃ ከሱንሬ ፊት ትንሿ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ረጅም ብሩሽ ገዝታ፣ በግድ ጀርባዋን ስታክክ ሳያት ሳቄ መጣ፤ ግን የሚያስቅ ጊዜ አልነበረም። ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ፣ «እትዬ፣ እሷን ካላሰናበትሽ ሴቱ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ይታጠባል» አለችኝ።

«አውቶቡሱ ብዙ ያናውጣል» አልኳት። «ስትመለሱ ደግሞ አቧራ ነው።»

ሱንሬ ማልሲም ዘንድ የሄደችው በዚያው ሰሞን ነው። በሩን አንኳኳች። ማልሲም ከውስጥ፣ «ማን ነው?» አለች፤ ነገረቻት።

«ሰምቻለሁ» አለች ማልሲም ሳትከፍት። «ሰሚ ነበር ያጣሁት፤ አሁን ሁሉም ሰምቷል። ሂጂ።»

ሱንሬ ተመለሰች። ይቅርታ ልታገኝ ከሄደች በባዶ እጇ ነው የመጣችው፤ ለኔም አላማረረችም።

ማ ቴሶፕ አሸነፈ። በጠባብ ልዩነት ቢሆንም አሸነፈ። ያን ዕለት ከበሮ ተመታ፤ ጀልባዎች ጥሩምባቸውን ነፉ። የምስጋና ሰልፉ በመታጠቢያ ቤቱ ፊት ሲያልፍ ሱንሬ ወለሉን እያጠበች ነበር። «ሰዉ ይህን እያወቀ መረጠው?» አልኳት።

«እኔም እሳቸውን ነው የመረጥኩት» አለችኝ፤ የምትቀልድ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋት። አልቀለደችም። «ሥራውን ይችሉበታል። መታሰርም አለባቸው። ሁለቱም እውነት ነው እትዬ፤ እኔ አላስማማሁትም፣ እንዲሁ ያዝኩት።» እስከዛሬ ይህን ንግግሯን አስባለሁ፤ ልክ ነች ማለት አልችልም፤ ተሳሳተች ለማለትም ጉልበት የለኝም።

በመከር ይግባኙ ውድቅ ሆነ። በረዶ ሲጀምር የመጨረሻው ፍርድ ቤት አጸናው። ማ ቴሶፕ ከሥልጣኑ ወርዶ ታሰረ። በዚህኛው ጊዜ ከተማው ውስጥ አንድም ድምፅ ማጉያ አልጮኸም። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥኑ ተናግሮ ሲጨርስ፣ ፊልጃ እንቁላሏን እየላጠች፣ «እኔ ድሮም ያ ሰው ዓይኑ ደስ አይለኝም ነበር» አለች። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ አየቻት፤ እኔም አየኋት። ማንም ግን አልነካትም። ስንቱን ነክተን እንችላለን? ያን ሳምንት «እኔ ድሮም» ሲል ያልሰማሁት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ ሱንሬ አልጋ ተመለሱ። ይቅርታ አልጠየቁም፣ አልተወቃቀሱም። ተጋደሙ፤ እሷም አሸቻቸው። ወሬ ሲያነሡ ግን እንደ ድሮው አትመልስም፤ «አላየሁም» ትላለች፤ ወይም ዝም።

ለጨረቃው አዲስ ዓመት ዋዜማ ሶልፖ ሁሉ ይታጠባል። ጠዋት ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ ማልሲም በሩን ከፍታ ገባች። ገንዳውን ጥላ ከወጣችበት ቀን ወዲህ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። ፎጣና ቁልፍ ሰጠኋት። ወንበሬን ለእህቴ ልጅ ትቼ ተከተልኳት።

ገንዳው ውስጥ ቦታ የለቀቁላት ብዙ ናቸው፤ እሷ ግን ጥግ ላይ ትንሽ ወንበር ስባ፣ በሳፋዋ ውሃ እያፈሰሰች ብቻዋን ታጠበች። አርጅታለች፤ የጀርባዋ አጥንት ይቆጠራል። ክንዷን ወደ ኋላ ልካ ጀርባዋን ለመድረስ ሞከረች፤ አልደረሰላትም። ያን ጀርባ ለሃምሳ ዓመት ያሸላት የነበረው ሌላ ሰው ነው።

ተነሥታ ወደ ሱንሬ አልጋ ሄደች። «ጀርባዬን ብቻ» አለቻት። «ሌላውን ራሴ እችላለሁ።»

ሱንሬ አልጋውን በሙቅ ውሃ ሦስቴ አጠበችው። ማልሲም በደረቷ ተጋደመች። ሱንሬ አሸቻት፤ ከትከሻዋ እስከ ወገቧ፣ እንደ ሌላው ሰው፣ ሳታባብልም ሳትቸኩልም። እንባዋ ይሁን ላቧ ከአገጯ ይንጠባጠብ ነበር፤ በዚያ ሙቀት ማን ይለየዋል።

ማልሲም ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች፣ «ያን ዕለት ጠጥቶ ነበር» አለች።

የሱንሬ እጅ ቆመ።

«አንድ ብርጭቆ። ምናልባት ሁለት። ጓደኛው ልጁን ድሮ ነበር፤ እዚያ ነው የዋለው። አንቺ ከራስሽ ያወጣሽው መስሎሽ ተሰቃይተሻል። እኔ የፈለግኩት አልጠጣም እንድትሉልኝ አልነበረም። የጠጣ ሰውንም ከወደቀበት ያነሡታል። ይህን ነበር አንድ ሰው እንዲልልኝ የፈለግኩት።»

ገንዳው ውስጥ ያሉት ሁሉ ሰምተዋል። ፊልጃም ነበረች፤ እስከ አገጯ ውሃው ውስጥ ገብታ አንገቷን ደፋች። ሱንሬ ሞቅ ያለ ውሃ አምጥታ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችባት፤ እጇን ይዛ አስነሣቻት። እንደ ሁልጊዜዋ «አዲስ ሰው ሆነሻል» አላለቻትም። «ወለሉ ያንሸራትታል እማማ፣ በርጋታ» ብቻ አለቻት። ማልሲምም ትከሻዋን ተደግፋ እስከ ልብስ መቀየሪያው ሄደች።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ሱንሬ አንድ ቀን ፈቃድ ጠየቀችኝ። ወፍራም የውስጥ ልብስና ካልሲ ጠቅልላ፣ በአውቶቡስ ማ ቴሶፕ ወደታሰረበት ከተማ ሄደች። የነገረችኝን ያህል ልንገራችሁ። በመስታወት ማዶ ተቀመጠ፤ ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። ማን ይጠይቅዎታል ስትለው፣ ሚስቱና አንድ የድሮ ጓደኛው ብቻ እንደሆኑ ነገራት። «ሶልፖ ውስጥ ስለኔ ምን ይላሉ?» አላት።

«አሁን ምንም አይሉም።»

«አንቺስ?»

ሱንሬ ማልሲም አልጋው ላይ የተናገረችውን፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረችው። ማ ቴሶፕ ሰምቶ ራሱን አቀረቀረ፤ ጊዜው አለቀ እስኪሉ ድረስ ቀና አላለም። ሲነሣ፣ «መቆም ነበረብኝ» አላት። «ብሬኩን ረግጬው ነበር። ከዚያ እግሬን አነሣሁ።»

ይህን ፍርድ ቤትም አልተናገረውም። ሱንሬ ለኔ ስትነግረኝ፣ «ለማልሲም ልንገራት ወይስ ልተወው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ወሬ ስቀበል የኖርኩ ሴት፣ ምን እንደምላት አላወቅሁም። ራሷ ወስና፣ አንድ ጠዋት ሄዳ ነገረቻት። በሩ ያን ጊዜ ተከፍቶላታል፤ ሻይም ተፈልቶላታል። ማልሲም ሰምታ ስትጨርስ የባሏ ብስክሌት የተቀመጠበትን ጥግ ስታይ ቆየች፤ ከዚያ ስለ ሌላ ነገር፣ ስለ ባሕር አረሙ፣ ዘንድሮ ስለ ማነሱ አወራች።

ሱንሬ እስር ቤት መሄዷን አልተወችም፤ በየወቅቱ ትሄዳለች። ማልሲም ይህን ታውቃለች። አንዴ ብቻ፣ አልጋው ላይ ተጋድማ ሳለ፣ «መንገዱ ሩቅ ነው፤ የሚበላ ነገር ይዘሽ ሂጂ» አለቻት።